ወንበሩን ያላየሁበት ማዕድ

በቤቴ ምግብ አይነቀፍም። ልጆቼን ሳሳድግ ካወጣኋቸው ሕጎች ሁሉ ሳይፈርስ የኖረው ይህ ነው። ጨው ቢያንሰውም፣ ቢያርም፣ የቀረበውን በልቶ «ተመስገን» ብሎ መነሣት ነው። ሲጥምም እንዲሁ ነው። ዛሬ ያመሰገነ አፍ ነገ መንቀፉ አይቀርምና «ጣመኝ» ማለትም አይፈቀድም። ባለቤቴ በዚህ ሕግ ዕድሜዋን ሙሉ ተማርራለች።

«ግድግዳ ሳበላ ብኖር ከዚህ የተሻለ መልስ አገኝ ነበር» ትለኛለች።

«ግድግዳ ሽንኩርት አይከትፍልሽም» እላታለሁ።

«እርስዎስ መቼ ከተፉልኝ?»

ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል። ሕጉ ግን ትክክል ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ባለፈው በዓለ ሃምሳ ጠልፎ የጣለኝም ይኸው የራሴ ሕግ ነው።

ነገሩ የመጣው በመጨረሻዋ ልጃችን ነው። ኮን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ወንበር አላት። መጀመሪያ ልጠይቃት የሄድሁ ቀን ቢሮዋ ገብቼ ከሷ ፊት ቀድሞ ያየሁት ወንበሩን ነው። መደገፊያ አለው፤ ይሽከረከራል። ልቤ ሞላ። እኔ አናጢ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ከደብር ግቢ የተጣለ የተሰበረ ወንበር አንሥቼ፣ ፈትቼ፣ እያንዳንዱ እንጨት የት እንደሚገባ አይቼ መልሼ ገጠምሁት፤ ትምህርት ቤቴ ያ ወንበር ነው። ማንበብንም የተማርሁት እንዲሁ ነው፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ፈትቼ እየገጠምሁ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ አንድ ዓላማ ብቻ ነበረኝ፦ እኔ ወንበር ልሥራ፣ ልጆቼ ይቀመጡበት።

ልጅቱ ግን ለፋሲካ መጥታ ስታበቃ፣ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ስታበስል ከረመች። ለኛ የነገረችን «ጓደኛ ልረዳ ነው» ብላ ነው። አንድ ማታ ግን እጄን አስታጥባኝ ስታበቃ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆመች።

«አባዬ፣ የከረምሁት ምግብ ቤት ውስጥ ሳበስል ነው፤ በቋሚነት ሥሪልን ብለውኛል። እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ።»

«መልሱማ ቀላል ነው» አልሁ። «አይሆንም። ወጥ ለመሥራት ያን ሁሉ ዓመት ሒሳብ መማር አያስፈልግም ነበር።»

እናቷ ልትናገር ስትል ልጅቱ በዓይኗ ከለከለቻት። «እርስዎ ካልመረቁኝ አልገባም» አለች። «ይህን ለነሱም ነግሬያቸዋለሁ። ግን ሳያዩ አይፈረድም ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

ነኝ። ክፉ ነገር ነው፤ ልጅ የተናገርኸውን ሁሉ ያስቀምጥና አንድ ቀን አውጥቶ ያሳይሃል።

«እንግዲያው ነገ እርስዎንና እማዬን ሦስት ምግብ ቤት እወስዳችኋለሁ» አለች። «ሦስቱም ደህና ደህና የሚባሉት ናቸው። የፈለገኝ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርዎትም። ማታ፣ ልጄ እዚህ ብትሠራ አላፍርም የሚሉት አንድ እንኳ ከሌለ፣ ሰኞ ወደ ኮን እመለሳለሁ።»

እሺ አልኋት። ተኝቼ ሳስበው ግን አንድ ችግር ታየኝ። አይሆንም ለማለት ነቀፋ ያስፈልጋል፤ ምግብ ደግሞ አልነቅፍም። ጥቂት ከተገላበጥሁ በኋላ መውጫውን አገኘሁት። ስለ ወንበር መናገርን የሚከለክል ሕግ በቤቴ የለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሦስታችን ወጣን። ቤታችን ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ ከተማው ድረስ በእግር ነው። ባለቤቴ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። እኔ ኮቴን ደርቤ በኪሴ ሜትሬን ይዣለሁ።

የመጀመሪያው ምግብ ቤት ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። በታች ሸለቆው፣ ባሻገር ተራራው ይታያል። እንግዶቹ ምግቡን ትተው ተራራውን ፎቶ ያነሣሉ። እኔ ያንን ተራራ እንጨት ተሸክሜ ስለማውቀው ብዙም አላየሁትም። አስተናጋጁ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሜኑ አምጥቶ ሰጠኝ። ዋጋውን እንዳላይ ልጄ አስቀድማ ቃል አስገብታኛለች፤ ስለዚህ የቀኙን ዳር በመዳፌ ሸፍኜ ማንበብ ጀመርሁ። መጽሐፍ ከመካከሉ አይጀመርም፣ ገጽም አይዘለልም። ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከሰላምታው ጀምሬ እስከ ለስላሳ መጠጦቹ ድረስ አነበብሁ። አስተናጋጁ አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራ እግሩ ቆመ።

«አባት፣ ልመለስ?» አለኝ።

«ወደ ጣፋጮቹ ደርሻለሁ፣ ልጄ።»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። በመጨረሻ ልጅቱ አዘዘች። በሰፊ ሳህን ላይ ጨጨብሳ በማርና በቅቤ፣ እንቁላል፣ ፍርፍር፣ ሁሉም በየጎኑ በትንሽ በትንሹ ተደርድሮ መጣ። ሦስት ጊዜ ያህል ጎረስሁ። ከዚያ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው እጄን ሰብስቤ ወደ ኋላ ተደገፍሁ።

አስተናጋጁ ብቅ አለ። «ላንሣው አባት?»

«ይበቃኛል፣ ልጄ» አልሁ።

አነሣው። ሄደ።

እዚህ ላይ የላስታን ሰው ላላወቀ ማስረዳት አለብኝ። በኛ አገር እንግዳ «ይበቃኛል» ሲል ገና መጀመሩ ነው። የቤቱ እመቤት «በሞቴ!» ትላለች። እሱ «ኧረ በቃኝ» ይላል። እሷ «ምን በሉና! ያልጣመዎ እንደሆነ እንጂ» ትላለች። ያን ጊዜ እንግዳው ተገድዶ፣ ለሷ ሲል፣ ደህና አድርጎ ይበላል። በሦስተኛው «ይበቃኛል» ብቻ ነው ሰው የሚታመነው። ይህ ወጣት ግን በመጀመሪያው ቃሌ አመነኝ። ጨጨብሳው ማሩ እያብለጨለጨ፣ ከኔ ርቆ፣ በበሩ ሲወጣ በዓይኔ ሸኘሁት።

«ወይ አንቱ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ እየሳቀች። «ወርቁን በአንድ ቃል አስረከቡ!»

«ምን አስረከብሁ፣ ጠግቤ ነው» አልሁ። ውሸት ነው፤ ሆዴ እዚያው ሲጮህ ሁለቱም ሰምተውታል።

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ «እንዴት አዩት አባዬ?» አለች።

ወንበሩን ገለበጥሁት። «መጋጠሚያው በኮላ ብቻ ነው የተያያዘው። እንጨቱ ከእንጨቱ የሚገባበት ምላስ አልተቀረጸለትም። ወፍራም ሰው ሲቀመጥበት ይፈታል።»

ከመነሣታችን በፊት እንደ ልማዴ ማዕዱን መረቅሁ። «ይባርክ፣ አይጉደል» አልሁ፤ በቃ። ልጅቱ እናቷን አየቻት። እናቷ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ምን እንደተባባሉ አልገባኝም፤ ቸኩዬ ነበርና አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ጠረጴዛው ነጭ የለበሰ ነው። ገና ስገባ «ልጄን የፈለገው ይህ ነው» አልሁ በልቤ። ወጣቶች የሚያብለጨልጭ ይወዳሉ። የተቀመጥሁበት ወንበር ብረት ነው፤ ብርዱ በሱሪዬ አልፎ ተሰማኝ። ብረት እንጨት የማያውቅ ሰው መሸሸጊያ ነው።

ምሳችን መጣ። ለእያንዳንዳችን ወንፊት የሚያክል ሳህን፣ በመካከሉ የመዳፍ ያህል ሥጋ፣ ሥጋው ላይ አንዲት ቅጠል፣ ቅጠሏ ላይ አንዲት አበባ። ወጡ በሥጋው ዙሪያ በመስመር ተንጠባጥቧል።

ባለቤቴ ወደ ሳህኗ ጎንበስ ብላ መረመረችው። «ይህ ወጥ ነው ወይስ ሲያመጡት የፈሰሰባቸው ነው?»

«እማዬ፣ እንዲያ ነው የሚደረገው» አለች ልጅቱ።

«ሦስት ሰው፣ ሦስት ሳህን። የተጣላ ቤተሰብ መሰልን እኮ» አለች ባለቤቴ። ይህንንስ አልታገሠችም፤ ከራሷ ሥጋ ቆርጣ፣ በወጡ አዙራ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ አሻግራ አጎረሰችኝ። በመንገዱ ሦስት ቦታ ተንጠባጠበ። «እነሱ ከጻፉት እኔ የጻፍሁት ይበልጣል» አለች ጨርቁን እያየች።

እኔ ከጠዋቱ ተምሬያለሁ። ሳህኔን በግራ እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ በቀኜ በላሁ። አስተናጋጇ ባለፈች ቁጥር ሳህኑን ወደ ደረቴ ሳብ አደርገዋለሁ። ምስኪኗ ልጅ ውኃ ልትቀዳልኝ ኖሯል። ሁለት ጊዜ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ጀርባዬን ሰጠኋት። በሰው ማዕድ ማስተረፍ የባለቤቱን ልብ ማስቀየም ስለሆነ ምንም አልተውሁም። ሥጋውን ጨረስሁ፤ ወጡን በዳቦ ጠረግሁ፤ ቅጠሏን በላሁ፤ ወደ አበባዋ እጄን ስዘረጋ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሷን እንኳ ለዘር ይተዉላቸው!»

በላኋት። ትመራለች። ነቀፋ አይደለም፤ አበባ ስለሆነች ነው።

እውነቱን ለመናገር ሥጋው ለስላሳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥጋ የሚሠራ ሰው ሙያ አለው። ግን ጠግቤ ስነሣ የበላሁ ሳይሆን የተመረመርሁ መሰለኝ። ምርቃቴ «ይባርክ» ብቻ ሆነች። እናትና ልጅ እንደገና ተያዩ።

«ወንበሩስ?» አለች ልጅቱ ደረጃውን ስንወርድ።

«ወንበር የለም። ያ የብረት ቧንቧ ነው።»

ሳቀች፤ ግን ከሳቋ በታች ሌላ ነገር ነበር።  ሲጨንቃት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ወደ ሦስተኛው ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ጠቀለለችው። አሳዘነችኝ። ግን አባት ባዘነ ቁጥር ሐሳቡን ቢለውጥ ልጅ አያሳድግም ብዬ ራሴን ገሠጽሁ። ደግሞም ሁለቱን አልፌያቸዋለሁ፤ የቀረኝ አንድ ነው። አንድ ወንበር ደግሞ ጉድለት አያጣም።

ሦስተኛው ምግብ ቤት እንደ አገራችን አሠራር በድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው። ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉት። ምግቡ የሚሠራው ከእንግዶቹ ፊት ለፊት፣ በአጭር ግንብ ወዲያ ነው። የቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሴትዮ ሲሆኑ፣ ምግብ አብሳይዋም እሳቸው ናቸው። እየሠሩ፣ እያዘዙ፣ ከእንግዳ ጋር እየተጫወቱ ነው። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ደርሳ ነበር። ሜኑ አልሰጡንም፤ «ዛሬ ያለው ይህ ነው» ብለው ለሦስታችን በአንድ ሰፊ ትሪ አቀረቡልን። የገብስ እንጀራ፣ በላዩ የበግ አልጫ፣ በአልጫው ውስጥ የተከካ ገብስ።

ስለ ምግብ መናገር አልለመድሁምና እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ገብሱ ከመከካቱ በፊት የተቆላ ነው። አልጫው ውስጥ ገብቶም የአሻሮው ሽታ አልለቀቀውም። የቅልጥም መረቅ ውስጥ የገባ ገብስ ዝም ብሎ አይዋጥም፤ ጥርስ ሥር ትንሽ ይቆያል፤ ሰውም አብሮት ይቆያል። በልጅነቴ እንግዳ መጣ ተብሎ በግ የታረደ ዕለት፣ ቤት ውስጥ የሚኖረው የደስታ ዓይነት ነበረው። ከዚህ በላይ ብል ሕጌን አፈርሳለሁ።

ጠግቤ ሳይሆን በልማድ እጄን ሰበሰብሁ። ሴትዮዋ ከምድጃው አጠገብ ሆነው አዩኝ።

«ምን ሆኑ? ይብሉ እንጂ!»

«ይበቃኛል» አልሁ።

«ማን ሞቶ ነው? በሞቴ!»

«ኧረ በቃኝ።»

«ይህማ ሙያዬን መናቅ ነው!» ብለው ጭልፋቸውን ይዘው መጡና ጨመሩልኝ። አልጫው ከትሪው ጠርዝ ደረሰ። እኔም ተገድጄ፣ ለሳቸው ስል፣ ደህና አድርጌ በላሁ። ሦስተኛውን «ይበቃኛል» ስል አመኑኝ።

ከዚያ ተነሥቼ መረቅሁ።

«ከእጅሽ አይንጠፍ። ጓዳሽ አይራቆት። እሳትሽ አይጥፋ» ብዬ ጀመርሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው «አሜን» አሉ። «ቤትሽን እንግዳ የማይጠፋው፣ ለቅሶ የማይገባው ያድርገው። በጉን ያረባውን፣ ገብሱን ያረሰውን፣ ውኃውን የቀዳውን አይርሳው። ዝናሙን በጊዜው፣ ፀሐዩን በልኩ...» አሜን የሚለው ድምፅ እየበዛ መጣ። አጠገባችን ሁለት የውጭ እንግዶች ይዞ የተቀመጠ አስጎብኚ ተነሣ፤ እንግዶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተነሡ። ትሪ የያዘች አስተናጋጅ ከበሩ ቆማ ቀረች። ወደ አዝመራው አልፌ፣ ከአዝመራው ወደ አገር ሰላም፣ ከአገር ሰላም ወደ መንገደኛ ተሻገርሁ። የት እንደምቆም ጠፍቶኝ ነበር። ባለቤቴ ኮቴን ሳብ ባታደርገው ኖሮ እስከ ክረምቱ እደርስ ነበር።

ስቀመጥ ባለቤቴ ለልጅቱ «አላልሁሽም?» አለቻት።

«ምኑን?» አልሁ።

«አንቱ ሰውዬ፣ እኔ እርስዎን ያበላሁት በዓይነ ስውርነት መሰለዎት? ያልጣመዎ ቀን ምርቃትዎ አንድ ቃል ናት። ሲጥምዎ ግን ይረዝማል። የፋሲካ ዶሮ ዕለት፣ መርቀው እስኪጨርሱ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ይቀዘቅዛል። እኔ ወጤን የማስተካክለው በዚህ ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን ሕጌን ሳስከብር እየኖርሁ የመሰለኝ ሰውዬ፣ በየማዕዱ ተነሥቼ በአደባባይ ስመሰክር ኖሬያለሁ ማለት ነው። «ምርቃት ለሰው ነው እንጂ ለወጥ አይደለም» አልሁ፤ ድምፄ ግን እኔንም አላሳመነኝ።

«እሺ፣ ወንበሩስ አባዬ?» አለች ልጅቱ።

ወንበሩ! ተነሥቼ አየሁት። ከአራቱ እግሮች አንዱ አጭር ነው፣ ያውም በጣም አጭር። ባልተስተካከለ የድንጋይ ወለል ላይ፣ በዚህ ወንበር ተቀምጬ ስበላ ወዲያና ወዲህ ስወዛወዝ ቆይቼ አልታወቀኝም። ከወንበር ሁሉ የከፋው ወንበር ይህ ነው። ይህን ብናገር እውነት ነበር፤ አይሆንም ለማለትም ይበቃኝ ነበር። ግን ልጅቱ ጥለቷን ጠቅልላ እንደጨረሰች ታየኛለች፤ ባለፈው ሰዓት ምን ሳይ እንደነበርሁ ደግሞ እኔው አውቃለሁ።

«ወንበሩን አላየሁትም» አልሁ። «የፈለገሽ ይህ ነው?»

«ይህ ነው። እንደማያውቁኝ ሁነው እንዲያስተናግዱን የለመንኋቸውም፣ ገብሱ ተቆልቶ ይከካ ያልሁትም እኔ ነኝ።»

 ከዚያ እውነተኛ ምክንያቴን አወጣሁት፤ እስከዚያ ለራሴም በደንብ አልነገርሁትም ነበር። «እኚህ ሴትዮ ከገባን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጡም። እኔ ይህን ሁሉ የለፋሁት አንቺ እንድትቀመጪ ነው።»

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ወንበር ሲሠሩ ቁጭ ብለው ነው እንዴ?»

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። ወንበር ሠሪ ቆሞ ነው የሚሠራው። መላጊያ ተቀምጦ አይገፋም። ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ኖሬ፣ አንድም ቀን ቆሜያለሁ ብዬ አላውቅም፤ ሥራዬን ስለምወደው ይሆናል። ልጄ ይህን ከኔ ቀድማ አይታዋለች።

ልጅቱ ተነሥታ ጎንበስ አለች። እጄን ራሷ ላይ አድርጌ መረቅኋት። ምን እንዳልሁ እዚህ አልጽፍም። እንዳይረዝም ተጠንቅቄ ነበር፤ ባለቤቴ ግን በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሽርጧን ታጥቃ ስትገባ እኔም መጋዜን ይዤ አብሬያት ገባሁ። የወንበሩን ሦስት እግሮች በአጭሩ ልክ ቆረጥኋቸው። ከዚያ ከቤት የያዝሁትን ከፍ ያለ የወይራ በርጩማ ከምድጃው አጠገብ አኖርሁት።

«ኩሽና ውስጥ አይቀመጥም እኮ አባዬ» አለች።

«ሽንኩርት ሲላጥ ይቀመጣል።»

ሴትዮዋ በርጩማውን ገለበጡት፤ መጋጠሚያውን አዩት፤ ምንም አላሉም። ጥሩ ሥራ አይመሰገንም የሚሉ ሰው ናቸው መሰለኝ፤ ወደድኋቸው። ልጄ ከድስቱ ላይ ክዳኑን አነሣች፤ የተቆላው ገብስ ሽታ ወጣ።

«ቁርስ ይብሉ እንጂ» አለችኝ።

«ይበቃኛል» አልኋት፤ መጋዜንም መሬት ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።